ቴክኒሺየም የጠፋበት ጊዜ፦ አንድ አሮጌ ሪአክተር ሲዘጋ ሆስፒታሎች ምን ሆኑ

ሜይ 14 ቀን 2009 በካናዳ፣ በምሥራቅ ኦንታሪዮና በምዕራብ ኬቤክ መብራት ጠፋ። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እዚያው ኦንታሪዮ ውስጥ ቾክ ሪቨር በሚባል ቦታ ያለው ኤንአርዩ የሚባለው የኑክሌር ምርምር ሪአክተር ኃይል ሲቋረጥበት ማድረግ ያለበትን አደረገ፤ ራሱን አጠፋ። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። በማግስቱ ግን ከሪአክተሩ ጋን ሥር፣ ሪአክተሩን የሚያቀዘቅዘው «ከባድ ውሃ» የሚባለው ፈሳሽ እየፈሰሰ መሆኑ ታወቀ። በሰዓት 5 ኪሎ ገደማ። የአካባቢውን ሰው ከቤቱ የሚያስወጣ ዓይነት አደጋ አልነበረም። ሪአክተሩ ግን ለ15 ወር ተዘጋ።

ታዲያ ይኼ ከሐኪም ቤት ጋር ምን አገናኘው? ያ የ51 ዓመት ማሽን በዚያን ጊዜ ዓለም ለኑክሌር ሕክምና ከሚጠቀምበት ሞሊብደነም-99 (የምርመራው መድኃኒት ቴክኒሺየም የሚገኝበት ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር) ውስጥ ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ያመርት ነበር። አሜሪካን ብቻ ብናይ ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከዚያው ነው። ስለዚህ ቾክ ሪቨር ላይ አንድ ጋን ሲያፈስ፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ለአጥንት ወይም ለልብ ምርመራ ቀጠሮ የያዘ ሰው «ዛሬ አይቻልም፣ እንደውልልዎታለን» ይባላል።

ይኼን ጉዳይ የምጽፈው ስለ ኑክሌር ሕክምና ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ካሜራውና ሥዕሉ ስለሆነ ነው። መድኃኒቱ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ የለም። እኔ በበኩሌ የ2009ኙ እጥረት መጥፎ ዕድል ነበር የሚለውን አልቀበልም። ሊከማች የማይችል ነገር ላይ ዓለም ተንጠልጥሎ፣ ለመጠባበቂያው ግን ማንም ሳይከፍል ስለኖረ የመጣ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው

ኑክሌር ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከውጭ በማሽን ጨረር የሚተኮስበትን የካንሰር ሕክምና ነው። እሱ ሌላ ነው። እዚህ ጨረሩ የሚወጣው ከታካሚው ሰውነት ውስጥ ነው። ትንሽ ራዲዮአክቲቭ ነገር ወደሚፈለገው አካል ከሚሄድ ውህድ ጋር ተያይዞ በደም ሥር ይሰጣል፣ ከዚያ ጋማ ካሜራ የሚባለው መሣሪያ ከሰውነት የሚወጣውን ጨረር ተቀብሎ ሥዕል ያደርገዋል። ራጅና ሲቲ ስካን በዋናነት የሚያሳዩት ቅርጽን ነው። ይኼኛው የሚያሳየው ሥራን ነው። የትኛው ኩላሊት ምን ያህል እየሠራ ነው፣ የትኛው የልብ ጡንቻ ደም እያነሰው ነው፣ የጡት ካንሰር መጀመሪያ የሚዛመትበት እጢ የትኛው ነው። አጥንት ላይ ደግሞ ካንሰር ሲዛመት አጥንቱ ራሱን ለመጠገን ይፍጨረጨራል፤ መድኃኒቱ ወደዚያ ቦታ ስለሚሰበሰብ ራጅ ላይ ምንም ሳይታይ በፊት እዚህ ላይ ጠቁሮ ይታያል።

በዓለም ላይ ከሚደረጉት የኑክሌር ሕክምና ምርመራዎች 80 በመቶ ያህሉ የሚደረጉት በአንድ ንጥረ ነገር ነው፤ ቴክኒሺየም-99ኤም። በዓመት ወደ 30 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ምርመራ ማለት ነው። ለምን እሱ? የሚለቀው ጨረር 140 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ከሰውነት ለመውጣት ይበቃል፣ ካሜራው ለመያዝም አይቸገርም። ከብዙ ዓይነት ውህድ ጋር ይያያዛል፤ የአጥንቱም፣ የልቡም፣ የኩላሊቱም መድኃኒት የሚሠራው ከእሱ ነው። ደግሞም በ6 ሰዓት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል፤ ታካሚው በማግስቱ አብዛኛውን ተገላግሏል።

ይኼው 6 ሰዓት ግን ጣጣም ነው። በ6 ሰዓት የሚጋመስ መድኃኒት ከፋብሪካ ወደ ሆስፒታል አይላክም። የሚላከው ወላጁ ነው፤ ሞሊብደነም-99። እሱ በ66 ሰዓት ነው የሚጋመሰው፤ ሲጠፋም ወደ ቴክኒሺየም እየተለወጠ ነው። መላው ዘዴ የተሠራው በዚህ ላይ ነው፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ።

ሆስፒታሉ ጋ የሚደርሰው ጄኔሬተር የሚባል በእርሳስ የተሸፈነ ከባድ ዕቃ ነው። ውስጡ አልሙና የሚባል ዱቄት የተሞላ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ሞሊብደነሙ እዚያ ላይ ተጣብቆ ተቀምጧል። ጠዋት፣ ታካሚ ከመግባቱ በፊት፣ ባለሙያው በአንደኛው መርፌ ላይ የጨው ውሃ ብልቃጥ ይሰካል። በሌላኛው ላይ ደግሞ አየሩ የተመጠጠ ባዶ ብልቃጥ፣ በእርሳስ መከለያው ውስጥ ሆኖ ይሰካል። ባዶው ብልቃጥ ይስባል፣ የጨው ውሃው በቱቦው ውስጥ ያልፋል፣ ቴክኒሺየሙን ይዞ ይወርዳል፣ ሞሊብደነሙ እዚያው ይቀራል። የሚሰማው ፈሳሹ ሲያልቅ የሚገባው የአየር ድምፅ ነው። ከዚያ ይለካል፤ ሞሊብደነም አብሮ አምልጦ እንደሆነ ይፈተሻል፤ ከዚያ ነው ከየመድኃኒቱ ጋር የሚቀላቀለው። ባለሙያዎቹ «ማለብ» ይሉታል፤ ልክ ነው፣ በየጠዋቱ ትታለባለች፣ በ24 ሰዓት ውስጥ እንደገና ትሞላለች፣ ወተቷ ግን በየቀኑ እየቀነሰ ይሄዳል።

ስንት ይቀንሳል? ሞሊብደነም በየሰዓቱ 1 በመቶ ያህሉን ያጣል። ሳምንት የቆየ ጄኔሬተር ከመነሻው 17 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ሁለት ሳምንት ካለፈው 3 በመቶ። ስለዚህ «ለክፉ ቀን አስቀምጡ» የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም። መጋዘን የለም። መጋዘኑ ሪአክተሩ ራሱ ነው።

እና ሰንሰለቱ ረጅም ነው። ዩራኒየም የያዙ ቁርጥራጮች ሪአክተር ውስጥ ገብተው አንድ ሳምንት ገደማ ይቆያሉ፤ ዩራኒየም-235 ሲሰነጠቅ ከመቶ ስድስቱ ገደማ ሞሊብደነም-99 ይሰጣል። ይወጣሉ፣ በወፍራም ግድግዳ በተከለለ ክፍል ውስጥ በሩቅ መቆጣጠሪያ እጆች ይሟሟሉ፣ ሞሊብደነሙ ተለይቶ ይጣራል። ከቾክ ሪቨር ወደ ኦታዋ አጠገብ ወዳለው ማጣሪያ፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ ጄኔሬተር አምራች፣ ከዚያ በአውሮፕላንና በመኪና ወደ ሆስፒታል። በዚህ ሁሉ መሃል ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። አንድ ቀን በረራ ቢዘገይ እቃው አይበላሽም፣ ሩብ ያህሉ ግን የለም።

አስቀድሞ የተደወለው ደወል

2009 ድንገት አልመጣም። አስተውሎ ለነበረ ሰው ከዓመት ተኩል በፊት ሙሉ ልምምድ ተደርጓል።

ኖቬምበር 2007 ኤንአርዩ ለተለመደ ጥገና ተዘጋ። በዚያ መሃል የካናዳ የኑክሌር ደኅንነት ኮሚሽን አንድ ነገር አገኘ፤ ሪአክተሩን ከሚያቀዘቅዙት ፓምፖች ሁለቱ የመሬት መንቀጥቀጥን ከሚቋቋመው የአደጋ ጊዜ ኃይል ጋር አልተገናኙም። መገናኘት ነበረባቸው። የኮሚሽኑ ፕሬዚዳንት ሊንዳ ኪን «ሳይገናኝ አይነሳም» አሉ። ሪአክተሩ ተዘግቶ ቆየ፣ የሰሜን አሜሪካ ሆስፒታሎች ቴክኒሺየም አለቀባቸው፣ ጩኸቱ ፓርላማ ገባ። ዲሴምበር 11 ማታ ፓርላማው በአንድ ድምፅ፣ የተቆጣጣሪውን ውሳኔ አልፎ፣ ሪአክተሩ ለ120 ቀን እንዲሠራ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ሪአክተሩ ተነሳ። ጃንዋሪ 15 ቀን 2008 ማታ ሊንዳ ኪን ከፕሬዚዳንትነታቸው ተነሱ፤ በማግስቱ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርበው እንዲያስረዱ ተቀጥረው ነበር።

ማን ነው ትክክል? እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ወይ «ቢሮክራት በሽተኛን መያዣ አደረገች» ወይ «መንግሥት ደኅንነትን ረገጠ» ይላል። ለእኔ ሴትየዋ የተቀጠሩበትን ነው የሠሩት። ለአሮጌ ሪአክተር «ግዴለም፣ ይሂድ» የሚል ተቆጣጣሪ ማን ይፈልጋል? ፓርላማውም ቢሆን ልቡ ወዶ አልነበረም፤ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። አማራጭ ያልነበረው ለምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ግን በዚያ ሌሊት ማንም አላነሳውም፤ ሕጉ አለፈ፣ ሪአክተሩ ተነሳ፣ ወሬው ቀዘቀዘ።

ለነገሩ አማራጭ ተብሎ የተሠራ ነገር ነበር። ሜፕል 1 እና ሜፕል 2 የሚባሉ ሁለት አዳዲስ ሪአክተሮች እዚያው ቾክ ሪቨር ግቢ ውስጥ ተሠርተው ቆመዋል። ለዚህ ሥራ ብቻ ታስበው የተሠሩ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው የዓለምን ፍላጎት ብቻቸውን መሸፈን ይችላሉ ተብሎላቸው ነበር። ግን ሲፈተኑ አንድ የማይሆን ነገር ታየ። በዲዛይኑ መሠረት ኃይላቸው ሲጨምር የመሰንጠቁ ሂደት ራሱን ማቀዝቀዝ ነበረበት፤ ልኬቱ ላይ ግን ተቃራኒው ሆነ፣ ኃይል ሲጨምር ራሱን የሚገፋ ሆኖ ተገኘ። ለዓመታት ምክንያቱ ተፈለገ፤ መፍትሔ አልተገኘም። ሜይ 2008 ፕሮጀክቱ ተሰረዘ። ስለዚህ አሮጌው ኤንአርዩ ተተኪ ሳይኖረው ቀረ።

በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ኔዘርላንድስ፣ ፔተን ያለው ኤችኤፍአር የሚባለው ሌላው ትልቅ አምራች በማቀዝቀዣው ውሃ ውስጥ የጋዝ አረፋ ታይቶበት ተዘጋ። የተመለሰው በፌብሩዋሪ 2009 ነው። በዓለም ላይ ይኼን ሥራ በብዛት የሚሠሩት አምስት ሪአክተሮች ብቻ ነበሩ፤ ኤንአርዩ በካናዳ፣ ኤችኤፍአር በኔዘርላንድስ፣ ቢአር2 በቤልጅየም፣ ኦሲሪስ በፈረንሳይ፣ ሳፋሪ-1 በደቡብ አፍሪካ። ከአምስቱ አንዱም ከ1966 በኋላ የተጀመረ አይደለም። ሁሉም ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አንዱ ሲታመም ሌላው ይደግፋል፤ ሁለት ትልልቆቹ አብረው ሲታመሙ ማንም የለም።

አሥራ አምስት ወር

መጀመሪያ የተባለው ከአንድ ወር በላይ ሊቆይ ይችላል ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቢያንስ ሦስት ወር ተባለ። ከዚያ ወደ ዓመቱ መጨረሻ ተገፋ፤ ከዚያ ወደ 2010። የሆስፒታል ሰው በቁርጥ ቀን ነው የሚሠራው፤ እንዲህ ያለ እየተገፋ የሚሄድ ቀን ከመዘጋቱ የባሰ ይጎዳል፤ «ከሳምንት በኋላ ይመጣል» ተብሎ የቆየ ታካሚ በመጨረሻ ሌላ ምርመራ ይታዘዝለታል፣ በመሃል የጠፋው ጊዜ ግን አይመለስም።

ጥገናው ለምን እንደዚያ ከበደ ለሚለው መልሱ ቦታው ነው። የሪአክተሩ ጋን አልሙኒየም ነው። በ1970ዎቹ አንድ ጊዜ ተቀይሯል። ግድግዳው ከታች በኩል፣ ከውጪው ወገን ተበልቶ ሳስቷል። እዚያ ሰው አይገባም፤ ጨረሩ አያስጠጋም። ነዳጁ መውጣት፣ ከባድ ውሃው መቀዳት ነበረበት። ከዚያ ካሜራውም፣ መመርመሪያውም፣ መበየጃውም ከላይ በኩል 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ቀዳዳዎች እየገቡ፣ ወደ 9 ሜትር ገደማ ወርደው፣ ታች ሲደርሱ ታጥፈው ግድግዳውን ማግኘት ነበረባቸው። እያንዳንዱ መሣሪያ ለዚያ ሥራ ተብሎ መሠራት፣ በሐሰተኛ ጋን ላይ መለማመድ ነበረበት። ቀጭን አልሙኒየም ላይ መበየድ ደግሞ ብረቱን ያጣምማል፤ አንዱን ቦታ ስትደፍን ሌላው እንዳይሰነጠቅ ተብሎ በትዕግሥት ነው የተሄደው። ብየዳ የሚያውቅ ሰው ይኼን ሲያነብ ራሱን መነቅነቁ አይቀርም።

ፖለቲካውም የራሱን ድራማ ሠራ። ጁን 2009 የወቅቱ የተፈጥሮ ሀብት ሚኒስትር ሊሳ ሬይት የሞሊብደነሙን ችግር ለራሳቸው የፖለቲካ ጉዞ እንደ ጥሩ አጋጣሚ ሲያዩት የሚያሰማ ቅጂ ወጣና በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። በዚያው ሰሞን ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር ካናዳ ወደፊት ከዚህ ሥራ እንደምትወጣ ተናገሩ።

ሆስፒታሎች ጋ ምን ተደረገ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከጠቅላላው ጉዳይ የምወደው ክፍል ይኼ ነው።

የመጀመሪያው ነገር ቀኑን መቀየር ነበር። ጄኔሬተሩ የሚደርስበት ቀን ላይ ብዙ ታካሚ ተቀጠረ፤ የደከመበት ቀን ላይ ጥቂት። ሌሊት ተነስቶ የሚጀምር፣ ቅዳሜና እሑድን የሚሠራ ክፍል መጣ። ቴክኒሺየም እየጠፋ ስለሆነ በጠረጴዛ ላይ ያለ ብልቃጥ ታካሚ ሲጠብቅ ጊዜው ያልቃል፤ አንድ ሰው ከቀጠሮው ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ከድርሻው አንድ አምስተኛ ያህሉ የለም። ስለዚህ የቀጠሮ ጸሐፊዋ ከፊዚክስ ባለሙያው እኩል አስፈላጊ ሆነች ብል ማጋነን አይደለም። ሁለተኛው፣ የሚሰጠውን መጠን መቀነስና ካሜራው ሥር የሚቆይበትን ጊዜ ማርዘም። ሥዕሉ ይወጣል፣ ሰውየው ግን ሳይንቀሳቀስ የበለጠ ይተኛል። ወገቡን ለሚያመው የካንሰር በሽተኛ ይኼ ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው ምትክ መፈለግ ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ እንደ አካሉ ይለያያል። ለልብ ታሊየም-201 ነበር። አዛውንት ሐኪሞች ያውቁታል፤ በ1980ዎቹ ዋናው እሱ ነበር። የሚሠራው ሳይክሎትሮን በሚባል ቅንጣቶችን በሚያፈጥን ማሽን ስለሆነ የሪአክተር መዘጋት አይነካውም። ግን የሚለቀው ጨረር ደካማ ስለሆነ ሥዕሉ ይደበዝዛል፣ ሰውነቱ ወፍራም በሆነ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል፤ በ73 ሰዓት ስለሚጋመስም ታካሚው የሚቀበለው ጨረር ከፍ ይላል። ያለፈበት ሲመለስ ደስ አይልም፣ ከምንም ግን ይሻላል። ለአጥንት ደግሞ ተገላቢጦሹ ሆነ። ፔት በሚባለው ሌላ ዓይነት የኑክሌር ሕክምና ካሜራ የሚታየው ሶዲየም ፍሎራይድ፣ ፍሎሪን-18 የያዘው፣ ከቴክኒሺየሙ የጠራ ሥዕል ይሰጣል። ችግሩ የሚጋመሰው በ110 ደቂቃ ነው፤ ፔት ካሜራ ያለው፣ ሳይክሎትሮንም በቅርብ ያለው ከተማ ብቻ ነው የሚጠቀምበት። ትልልቅ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች እንደምንም ተወጡት፤ ጋማ ካሜራ ብቻ ያለው የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ግን ጄኔሬተሩን እየጠበቀ ቀረ።

የማይተኩም ነበሩ። የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ላይ መጀመሪያ የሚመረመረውን እጢ ለማግኘት ቴክኒሺየሙ በጣም ትንሽ ነው የሚያስፈልገው፣ ግን ያስፈልጋል። የሕፃናት ኩላሊትም እንደዚያው። ስለዚህ ቅደም ተከተል ወጣ፦ የማይተካላቸው መጀመሪያ፣ ኤኮ ካርዲዮግራፊ (የልብ አልትራሳውንድ) ወይም ሲቲ ስካን ሊያያቸው የሚችሉት ወደዚያ ይሂዱ። አንዳንድ የልብ በሽተኛ በቀጥታ ወደ አንጂዮግራፊ ተላከ፤ ይኼ ማለት በመርፌ ሊታይ የሚችል ነገር ቱቦ ልብ ድረስ አስገብቶ ማየት ማለት ነው። ስንት ሰው እንደተጎዳ በቁጥር ማስቀመጥ አይቻልም፤ የዘገየ ምርመራ በሞት መዝገብ ላይ አይጻፍም። ይኼ ራሱ ችግሩን ቀለል አድርጎ አሳየው ባይ ነኝ።

ከዚያ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነ። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2010 የፔተኑ ኤችኤፍአር የተበሉ ቧንቧዎቹን ለማስጠገን ታስቦበት ተዘጋ። ጥገናው ከዚህ በላይ ሊዘገይ አይችልም ነበር። ሁለቱ ትልልቆች፣ ከዓለም ምርት ከግማሽ በላይ የሚሰጡት፣ አብረው ጠፉ። ኤፕሪል ላይ ደግሞ የአይስላንዱ እሳተ ገሞራ ኤያፍያላዮኩል አመዱን ሲተፋ የአውሮፓ ሰማይ ተዘጋ፤ የቀረው ጥቂት ሞሊብደነምም አየር ማረፊያ ላይ ቆመ። ቆመ ብቻ ሳይሆን በየሰዓቱ አንድ አንድ በመቶ እየጠፋ ነው የቆመው።

ጥሩ ዜናው ከፖላንድ መጣ። ዋርሶ አጠገብ ማሪያ የሚባል የምርምር ሪአክተር አለ፤ ስሙ ለማሪያ ስክሎዶውስካ ኩሪ መታሰቢያ ነው። በዚያው ፌብሩዋሪ ሰሞን ዩራኒየሙን እየተቀበለ ለጨረር ማጋለጥ ጀመረ፤ ከዚያ በፊት ይኼን ሥራ ሠርቶ አያውቅም። የቼኩም ሪአክተር ተከተለ። በጣም በአጭር ጊዜ ነው የተደረገው፤ ለመጀመሪያው ደወል፣ ለ2007ቱ፣ ይኼ ቢደረግ ኖሮ ብዬ ማሰቤ አልቀረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው እንግዲህ።

ኦገስት 17 ቀን 2010 ኤንአርዩ እንደገና ተነሳ። ፔተን በሴፕቴምበር ተከተለ።

ብሩ የት ነበር

ጁን 2009 የኦኢሲዲ (የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ድርጅት) የኑክሌር ኃይል ኤጀንሲ አገሮቹን፣ ሪአክተሮቹንና አምራቾቹን አንድ ላይ ሰብስቦ ጉዳዩን ማጥናት ጀመረ። ያገኙት ነገር የምሕንድስና አይደለም፣ የሒሳብ ነው።

እነዚህ ሪአክተሮች በመንግሥት ገንዘብ፣ ለምርምር የተሠሩ ናቸው። ሞሊብደነም የመጣው በኋላ ነው፤ «ለማንኛውም እየሠራ ስለሆነ እግረ መንገዱን ይሥራልን» ተብሎ። ስለዚህ የተጠየቀው ዋጋ እግረ መንገዱን የሚያስወጣውን ብቻ ነው። የሕንፃው፣ የእድሳቱ፣ የቆሻሻው፣ አንድ ቀን የማፍረሱ ወጪ ውስጡ የለም፤ እሱን ግብር ከፋዩ ችሎታል። አንድ ምርመራ ታካሚው ወይም ኢንሹራንሱ ከሚከፍለው ውስጥ ለሪአክተሩ የሚደርሰው ከ1 በመቶ በታች ነበር። ከ1 በመቶ በታች! ያለ እሱ ግን የቀረው 99 በመቶ የለም።

በዚህ ዋጋ አዲስ ሪአክተር የሚሠራ ነጋዴ አይገኝም። ሥራ ፈትቶ ለአደጋ ጊዜ የሚጠባበቅ አቅም የሚያስቀምጥም አይገኝም፤ ማን ይከፍለዋል? ኤጀንሲው በመጨረሻ ያቀረበው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ አምራቾች ሙሉ ወጪያቸውን ያስከፍሉ፣ የተጠባባቂ አቅምም ዋጋ ይውጣለት፣ የሚገዛውም ይክፈለው። ሙሉ ወጪ ቢጠየቅ እንኳ በአንድ ምርመራ ላይ የሚጨምረው ትንሽ ነው፤ የሪአክተሩ ድርሻ ብዙ እጥፍ ቢያድግ እንኳ ከጠቅላላው ዋጋ አሁንም ጥቂት ነው የሚሆነው። አስቸጋሪው መጠኑ አይደለም። አስቸጋሪው፣ አንዱ አገር መደጎሙን ሲተው ሌላው እየደጎመ በርካሽ ከሸጠ ገዢው ወደ ርካሹ መሄዱ ነው። ሁሉም አብሮ ካልጀመረ ማንም አይጀምርም። አሁንም ድረስ ሙሉ በሙሉ ተፈጽሟል ለማለት አይቻልም።

አብሮ የተነሳ ሌላ ጉዳይ ነበር፤ ባጭሩ ልለፈው። ለዚህ ሥራ ይውል የነበረው ዩራኒየም 93 በመቶ የበለጸገ (93 በመቶው የሚሰነጠቀው ዩራኒየም-235 የሆነ)፣ ለቦምብ የሚሆን ዓይነት ነበር። በጃንዋሪ 2013 የተፈረመው የአሜሪካ ሕግ በዝቅተኛ ደረጃ ወደበለጸገ ዩራኒየም እንዲዞር ገፋ፤ አብዛኛው አምራች ዞሯል። ጥሩ ነው፣ ግን ዝውውሩ ራሱ ገንዘብ ነው፣ እሱም ከዚያው ጠባብ ሒሳብ ላይ ነው የመጣው።

ከዚያ ወዲህ

ኦሲሪስ በዲሴምበር 2015 ተዘጋ። ኤንአርዩ ኦክቶበር 31 ቀን 2016 መደበኛ የሞሊብደነም ምርቱን አቆመ፤ ማርች 31 ቀን 2018 ለመጨረሻ ጊዜ ጠፋ። ያን ጊዜ እንደ 2009 አልተጮኸም፤ ቀኑ ከዓመታት በፊት ስለታወቀ የፖላንዱ፣ የቼኩ፣ የአውስትራሊያው ኦፓል ቀዳዳውን ለመሙላት ጊዜ አግኝተዋል። ለእኔ ትልቁ ማስረጃ ይኼ ነው፤ ያው ሪአክተር ሁለት ጊዜ ጠፋ፣ አንዴ ሳይታሰብ፣ አንዴ ታስቦበት፤ ልዩነቱን ሁሉም አየው።

ኦክቶበር 2024 ደግሞ የፔተኑ ኤችኤፍአር ከጥገና ሊመለስ ሲል በማቀዝቀዣው ቧንቧ ላይ የቅርጽ ለውጥ ታየበትና ዘገየ። ለሳምንታት ያው ነገር መጣ፤ የተቀነሰ ጄኔሬተር፣ የተሸጋሸገ ቀጠሮ፣ ቅደም ተከተል። ከ2009 ጋር ሲተያይ አጭር ነበር፣ ሆስፒታሎቹም ዝርዝሩን ከመሳቢያ አውጥተው ነው የሠሩበት።

አሁን የሚያሳስበኝ ግን ምርመራው አይደለም። አብዛኛው ምርመራ ምትክ አያጣም፤ ኤኮ አለ፣ ሲቲ አለ፣ ፔት እየበዛ ነው። ያው አሮጌ ሪአክተሮች የሕክምናውንም መድኃኒት ነው የሚሠሩት። ለታይሮይድ ካንሰር የሚሰጠው አዮዲን-131፣ በ8 ቀን የሚጋመሰው፣ ከእነሱ ይወጣል። ከ2018 ወዲህ ደግሞ ሉቴሺየም-177 መጥቷል፤ በ6 ቀን ተኩል ገደማ የሚጋመስ፣ ካንሰሩ ላይ ተጣብቆ እዚያው የሚያቃጥል። ለተዛመተ የፕሮስቴት ካንሰር በ2022 የጸደቀው በየስድስት ሳምንቱ እስከ ስድስት ጊዜ ይሰጣል። ሦስተኛው ላይ ለደረሰ ሰው አራተኛው ባይመጣ ታሊየም አውጥተህ አትተካለትም።

በ2023 መጀመሪያ ላይ ይኼ መድኃኒት አጥሮ ነበር። ምክንያቱ ሪአክተር አልነበረም፣ የፋብሪካ አቅም ነው። አምራቹ ያደረገው የጀመሩት እንዲጨርሱ፣ አዲስ ታካሚ ደግሞ ለጊዜው እንዳይጀምር ነው። ሌላ ሕክምና ሞክረው አልሆን ያላቸው ሰዎች ናቸው አዲስ የሚባሉት። በ2009 ማን ይቅደም የሚለውን ሐኪሞች በየሆስፒታላቸው ነበር የወሰኑት፤ በዚህኛው መስመሩን ያሰመረው አምራቹ ነው።